ያው ነው

«ያው ነው» የምትለው ነገር ታናድደኛለች። ሚሪንዳ አዝዤ ፋንታ የሚያቀርብልኝ አስተናጋጅ «ያው ነው» ይለኛል። የልብስ ሳሙና ስጠይቀው የገላ የሚያነሳልኝ ባለሱቅም «ያው ነው» ይላል። ገበያው ጋ አድርሰኝ ያልኩት ባለባጃጅ ድልድዩ ጋ አራግፎኝ «ያው ነው» እያለ ሒሳቡን ይቀበለኛል። በጋምቤላ የቀትር ፀሐይ ከድልድዩ እስከ ገበያው በእግሩ የኳተነ ሰው ግን ያው አለመሆኑን ያውቃል።

ከሁሉም የባሰውን «ያው ነው» የሰማሁት እሾህ ከተሰካበት ሰው አፍ ነው።

ሰውዬው ለሥራ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ፣ ባሮ ጎርፉን ሰብስቦ ወደ ቦታው የተመለሰበት፣ ዳር ዳሩ ግን ገና ያልደረቀበት ሰሞን ነው። ማምሻውን ሙቀቱ በረድ ሲል ሸበጥ አበድሬው ወደ ወንዙ ይዤው ወረድኩ። ውሃውን እያየ፣ ሰማዩን እያየ፣ «አቤት ወንዝ!» እያለ ሲራመድ ሐምራዊ አበባ ያዘለ፣ ከጉልበት ከፍ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ዘው አለ። ጮኸ። በአንድ እግሩ ቆሞ ትከሻዬ ላይ ተንጠለጠለ።

«ወይኔ! እዚህም ኮሸሽላ አለ እንዴ?»

«ኮሸሽላ አይደለም፤ አሜከላ ነው» አልኩት።

እሾሁን እየነቀለ፣ ጥርሱን እንደነከሰ፣ «ያው ነው» አለኝ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ሲሉ ሰምቻለሁ። ተወግቶ እንኳ ማን እንደወጋው ለማወቅ የማይፈልግ ሰው ሳይ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነው።

በሰው ከመፍረዴ በፊት ግን የራሴን ልናገር። ጋምቤላ በገባሁ ዓመት ያንኑ ቁጥቋጦ አይቼ «ኮሸሽላ» ያልኩት እኔው ነኝ። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባል የለ? እኔም ጎጃም ውስጥ ከኮሸሽላ ጋር እየተናከስኩ ስላደግኩ በእሾህ ጉዳይ ቁርበት ይነጠፍልኝ ባይ ነበርኩ። ያረመኝ አብሮኝ የሚያስተምር የባዮሎጂ መምህር ነው። የኑዌር ተወላጅ ነው። ድምፁ ዝግ ያለ ነው፤ ሲያርም ግን አይምርም። ከሸሚዙ ኪስ የማትጠፋ አንዲት ትንሽ አጉሊ መነጽር አለችው።

«እሾሁ የት ነው ያለው?» ሲል ጠየቀኝ።

«እሾሁማ… ያው ሁሉም ጋ ነው።»

አስጎነበሰኝ። ግንዱ ላይ፣ ቅጠሎቹ ዙሪያውን በሚወጡበት አንጓ፣ እሾሆች እንደ ዘበኛ ክብ ሠርተው ቆመዋል። ቀጥ ያሉ፣ ቢጫ ቢጤ፣ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር የሚሆኑ ናቸው። አበቦቹ ከመሃላቸው ተሸጉጠዋል። «ቁጠር» አለኝ። ስድስት ናቸው። ወደሚቀጥለው አንጓ ወጣሁ፤ ስድስት። ከዚያም በላይ ስድስት።

«የእናንተ አገር ኮሸሽላስ እሾሁ የት ነው?»

ይህን ጊዜ ነው የጨነቀኝ። ዓይኔን ጨፍኜ የሰፈራችንን ማሳ ዳር አሰብኩ። እሾሁ ቅጠሉ ጠርዝ ላይ ነው። አበባው ሥር ባለው አንገትጌ ላይም አለ። አንጓ ላይ የቆመ ዘበኛ የለውም። ሃያ ዓመት ሲወጋኝ ከየት በኩል እንደሚወጋኝ አንድም ቀን ልብ አላልኩም።

መምህሩ በዚህ አላበቃም። ከደረቀው ጭንቅላት ፍሬ ሰባብሮ ጥቃቅን ዘር መዳፌ ላይ አፈሰሰና «ምላስህ ላይ አድርገው» አለኝ። አደረግኩት። ዘሩ ምራቄን እንዳገኘ አብጦ ልሐጭ ለበሰና ምላሴን ከላንቃዬ ጋር አጣብቆ ቁጭ አለ።

«አሁን እስቲ ኮሸሽላ በል» አለኝ።

አልቻልኩም።

ምላሴ ሲፈታ የዘር ሐረግ ትምህርቱ ቀጠለ። ለካስ አሜከላና ኮሸሽላ ዘመድም አይደሉም። የአሜከላ ዘመድ እናቴ አጥር ላይ የቆመችው፣ እሾህ የሚባል ነገር ያልፈጠረባት ሰንሰል ናት። ኮሸሽላ ደግሞ ከነኑግ፣ ከነግራዋ፣ ከነሰላጣ ቤተሰብ ነው። ከዚህ ሁሉ ያስደነገጠኝ በዘመን መለወጫ ልጃገረዶች ይዘውት የሚዞሩት አደይ አበባ እዚያው ቤተሰብ ውስጥ መገኘቱ ነው። አንዱ ዘመድ ደጃፍ ላይ እየተዘፈነለት ሌላው ዘመድ እየተረገመ ይቆረጣል።

የሥጋ ዘመዱን ከፈለጋችሁ የአበሻ ሱፍን እዩት። ቅጠሉ ይዋጋል፣ አበባው አንገትጌው ላይ እሾህ አለው፣ ዝምድናው ከነኮሸሽላ ጋር የቅርብ ነው። በጾም ቆልተን፣ ወቅጠን፣ አጥልለን እንጀራ የምንፈተፍትበት ሰው ያላመደው የኮሸሽላ ወገን ነው። ወዳጄ ይህን ሲነግረኝ ያለፉት የሁዳዴ ጾሞች ሁሉ ጉሮሮዬን ከረከሩኝ።

«ቆይ፣ እሺ» አልኩት፤ «ኮሸሽላስ ራሱ አንድ ነው?»

ባልጠየቅኩ። እኛ ኮሸሽላ ብለን ባንድ ስም የምንጠራው ጉባኤ ነው። አንደኛው ራሱ ድቡልቡል ኳስ የሚመስለው ነው፤ አገራችን ውስጥ ከዚህ ወገን 12 ያህል ዝርያዎች አሉ። ኳሱን ከሩቅ ሲያዩት አንድ አበባ ይመስላል። ሲከፍቱት ግን መንደር ነው። እያንዳንዷ ሚጢጢ አበባ የራሷን አጥር አጥራ ለብቻዋ ትኖራለች። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሐምራዊ ብሩሽ የመሰሉት ናቸው። እነዚህን ለመለየት ዘሩ ላይ ያለውን ፀጉር በመነጽር ማየት ግድ ነው። የአንዱ ፀጉር እንደ ፈረስ ጭራ ልሙጥ ክር ነው። የሌላው እንደ ዶሮ ላባ ግራና ቀኝ ይዘረዘራል። ልዩነታቸው ይኸው ነው። ለዚህ ፀጉር ሲባል አንድ የጎለመሰ ሰው ሜዳ ላይ በደረቱ ተኝቶ አይቻለሁ።

አራተኛው ጫካ ጥግ የሚበቅለው፣ አበባው ደም የመሰለ ቀይ የሆነው ነው። ይሄኛው ጭራሽ ኮሸሽላ አይደለም። የሰንሰል ቤተሰብ ነው። የአሜከላ ዘመድ ነው ማለት ነው! እንግዳዬ ባሮ ዳር «ያው ነው» ሲል ልቡ ያሰበው ይህን ቀዩን ከሆነ በከፊል ልክ ነበር። እንዳይኮራብኝ ብዬ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

ለነገሩ ለእንግዳዬ ጥፋት መጽሐፉም ትንሽ ተጠያቂ ነው። አዳም ከገነት ሲወጣ ምድር የምታበቅልበት እሾህና አሜከላ እንደሆነ ኦሪት ዘፍጥረት ይነግረናል። ቄሱ ይህን ሲሰብኩ እኛ የደጋ ልጆች የምናስበው ኮሸሽላን ነው። አሜከላ ረግረግ ይወዳል፤ ከኛ ማሳ ምን ሊሠራ ይመጣል? ፎገራ ሜዳ ላይ ያደገ ሰው ቢሆን የግጦሽ መሬቱን የወረሰበትን ጠላት በስሙ ያውቀዋል። ዕብራይስጡ ራሱ «ዳርዳር» የሚለው፣ ትግርኛ ተናጋሪ ኮሸሽላን «ዳንደር» ከሚለው ጋር ጆሮ ላይ ይቀራረባል። እንግዲህ አዳምን የወጋው የትኛው እንደነበር እሱው ቢጠየቅ ይሻላል። እሱም «ያው ነው» ካላለ።

ፈረንጆቹ ይሻሉ እንዳትሉ። ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ አገራችን መጥቶ በ1878 አድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ ዕፅ ሲለቅም ኖረ። ከሐምራዊ ብሩሾቹ ወገን አንዱ በሱ ስም ተጠራ። ከላባ ፀጉሮቹ ወገንም አንዱ በሱ ስም ተጠራ። ስንት ሌላ ዕፅ እንዳለ በሱ ስም ነው፤ ሰንሰልም ሳትቀር። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት የተባለው ለዚህ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

ስኮትላንዶች ደግሞ ኮሸሽላን የአገር አርማ አድርገውታል። በጨለማ ሊወር የመጣ ጠላት በባዶ እግሩ ረግጦት ሲጮህ ነቅተን ዳንን ይላል ተረታቸው። «የትኛው ኮሸሽላ?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው ግን እርስ በርስ ይጣላሉ። ጠላት ጮኸ፣ አገር ዳነ፤ የቀረው ያው ነው።

ጋምቤላ ራሷ የ«ያው ነው» ልጅ ናት ብዬ የምጠረጥርበት ቀንም አለ። እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዞች ሲፈራረሙ፣ ለሱዳን መንግሥት የሚከራየው የንግድ ጣቢያ ባሮ ዳር፣ ኢታንግ አካባቢ እንዲሆን ነበር ስምምነቱ። ስፋቱ ከ400 ሔክታር፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር እንዳይበልጥ ተብሎ በቁጥር ተለክቷል። ታዲያ ጣቢያው የተተከለው ኢታንግ ሳይሆን ወንዙን ሽቅብ ብሎ ጋምቤላ ላይ ነው። ሜትሩን ያን ያህል የተጠነቀቁለት ሰዎች ቦታው ላይ ሲደርሱ አንዱ ሹም ባሮን አይቶ «ያው ነው» ሳይል አልቀረም። በክረምት ከካርቱም የሚመጡት መርከቦች እዚህ ቡና ሲጭኑ ኖሩ፤ ጣቢያውም ሱዳን በ1956 ነፃ ስትወጣ ተመለሰልን። ባጃጁ ድልድዩ ጋ ሲያወርደኝ ይህን ታሪክ አስታውሼ እጽናናለሁ።

እኔንስ ማን ዳኘኝ? አንዲት ዓሣ ሻጭ እናት ናቸው።

«እናቴ፣ ዓሣ ይስጡኝ» አልኳቸው።

«የቱን?»

ፊታቸው ከተዘረጋው ውስጥ ጺም ያለው አምባዛ አለ፣ ጠፍጣፋ ቀረሶ አለ፣ ስሙን የማላውቀው ሌላም አለ።

«ያው… ዓሣ ነዋ።»

«ዓሣ የሚባል ዓሣ የለም» አሉኝ።

ቆየት ብለው «የየት አገር ሰው ነህ?» አሉኝ።

«ጎጃም።»

«እ፣ ደገኛ ነህ።»

«ደገኛስ ነኝ፤ ግን ደገኛ ሁሉ…» ብዬ ስለ ጎጃምና ስለ ጎንደር፣ ስለ ጉራጌና ስለ ወለጋ ልዘረዝር ስል አምባዛውን በፌስታል እያስገቡ «ያው ነው» አሉኝ።

ተገቢ ነበር። በመጣሁ ሳምንት ለባዮሎጂው መምህር «የኑዌርና የአኝዋ ቋንቋ ያው ነው አይደል?» ያልኩት እኔ ነኝ። እሱም ረጋ ብሎ «አማርኛና ትግርኛ ያው ነው?» አለኝ። የአኝዋ ቋንቋ ከኬንያ ሉዎዎች፣ ከነኦባማ አባት ቋንቋ ጋር የሚዛመድ ነው። ኑዌርኛ ደግሞ ለዲንካ ይቀርባል። ይህን የተማርኩ ቀን ባሮ ዳር ሄጄ ብቻዬን ተቀመጥኩ።

ሳስበው ሰው ለይቶ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፤ የሚበላውንና የሚወጋውን። የቀረው ያው ነው። እኛ ጤፍ ላይ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ እያልን እንከፋፍላለን፤ ፈረስ ላይ ዳማ፣ ቡላ፣ መጋላ፣ ጉራቻ እንላለን። ወዳጄ ከብት ላይ ሲመጣ ግን ሁላችንንም ያስንቃል። የአንዷን ላም የነጠብጣብ አቀማመጥና የቀንዷን አካሄድ በአንድ ቃል ይጠራዋል። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ኑዌሮች ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ይህን የከብት ቀለም ቋንቋ እያደነቀ ዘርዝሮታል። እኔ ወዳጄ ፊት «ቡራቡሬ ላም» ስል የሚያየኝ እናትየዋ «ዓሣ ስጡኝ» ስላቸው ባዩኝ ዓይን ነው።

ከቤተሰባችን ለይቶ በማወቅ የተካነችው እናቴ ናት። ወደ ጋምቤላ ልነሣ ስል «ለቆላው አየርም፣ ለእባቡም፣ ለዓይን ጥላውም የሚሆን ቀበርቾ ሳትይዝ አትሄድም» አለች። እንዳላደክማት ብዬ ከገበያ ገዛሁ። ደርቆ የታሰረ ሥር ነው። ነጋዴውን «ቀበርቾ ነው አይደል?» አልኩት። «ያው ነው» አለኝ። በዚያን ጊዜ ቃሏ ገና አታናድደኝም ነበር።

እናቴ ከእስሩ አንዱን መዝዛ ቀጨም አደረገችው። የተሰበረውን ጫፍ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ከምድጃው ፍም ላይ ቁራሽ ጣል አድርጋ ጭሱን በመዳፏ ወደ ራሷ ሳብ ሳብ አደረገች። ሦስት ጊዜ አሸተተች። ከዚያ እስሩን በሙሉ በአጥሩ በላይ ወረወረችው።

«ኮሸሽላ ነው የሸጠልህ።»

«ዘመድ አይደሉም እንዴ?»

«ዘመድ ቢሆንስ? የወንድምህን ጫማ ታደርጋለህ?»

ዘመድስ ናቸው። ቀበርቾም ከባለ ኳሶቹ ወገን ነው፤ ያውም ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይበቅል። መድኃኒቱ ሥሩ ስለሆነ ፈላጊው ሥሩን ቆፍሮ ይወስዳል፤ ተክሉም አብሮ ይሄዳል። እውነተኛው ባነሰ ቁጥር ገበያው ላይ «ያው ነው» ይበዛል። ሳይንሱም ቢሆን ይህን ተክል በራሱ ስም መዝግቦ የለየው በቅርብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ። የለየው ኢትዮጵያዊው የዕፀዋት ሊቅ መስፍን ታደሰ ሲሆን ላቲኑን ሲያወጣለት ሺምፐርን አልጠራም፤ «ኬበሪቾ» አለው። ላቲን ሳይቀር በመጨረሻ ገበያ የሚያውቁ እናቶችን ሰማ። የዚህን ሰፊ ቤተሰብ ዝርዝር የያዘውን የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ ክፍልም ያዘጋጀው እሱው ነው፤ በ2004 ታትሟል። ወፍራም ነው። «ያው ነው» የምትል ቃል የምታስፈልገን ይህን የሚያህል መጽሐፍ ላለማንበብ ይሆናል።

ባለፈው የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት የባዮሎጂውን መምህር ጎጃም ይዤው ሄድኩ። ከጋምቤላ ሙቀት ወጥተን ጎሬ ላይ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ስንደርስ ጃኬት ለበሰ። እናቴ ቤት ሲደርስ ጋቢ ተጨመረለት። በማግስቱ ጠዋት ጋቢውን እንደተከናነበ፣ ሸበጡን እንዳደረገ፣ ከብት ሊያይ ወደ ሜዳው ወጣ። እኔና እናቴ ከኋላ ነን። ዓይኑ ከላሞቹ ላይ አልነሣ ብሎ ሲራመድ ማሳው ዳር ካለው የደረቀ ኮሸሽላ ውስጥ ዘው አለ።

«ወይኔ! አሜከላ!»

«አሜከላ አይደለም ልጄ» አለች እናቴ፤ «ኮሸሽላ ነው።»

ስድስት ስድስት ያስቆጠረኝ ሰው፣ ምላሴን ከላንቃዬ ያጣበቀ ሰው፣ ለፀጉር ሲል በደረቱ የተኛ ሰው፣ በአንድ እግሩ ቆሞ ትከሻዬ ላይ ተንጠለጠለ።

«ያው ነው፣ እማማ» አለ።

ደስታዬን ለመደበቅ ጀርባዬን ሰጠሁ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ድንጋይ ላይ አስቀምጣ እግሩን ጉልበቷ ላይ ሳበችው።

«ያንተን አገር እሾህ አላውቀውም» አለችው። «ይሄኛው ግን ጫፉ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ያው ነው ብለህ በጣትህ ብትጎትተው ያመረቅዛል።» ከአጥሩ ላይ ጠንካራ የአጋም እሾህ ቀነጠሰች። እሾህን በእሾህ ማለት እሷ ዘንድ ተረት አይደለም፤ አንዱ እሾህ ሌላውን የሚያወጣው ያው ስላልሆነ ነው።

ወዳጄ ይረዳት መስሎት ከሸሚዙ ኪስ ያቺን መነጽር አውጥቶ ዘረጋላት።

እሷ ቀና ሳትል በአገጯ ወደኔ ጠቆመችው።

«ለሱ ስጠው» አለች። «ሃያ ዓመት ስነቅልለት አንድም ቀን ዞር ብሎ አላየውም።»